የአንድ ኮንቴይነር 56 ቀናት፦ ከሻንጋይ እስከ ዱይስቡርግ

የዚህ ማስታወሻ ተጓዥ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ነው። ጭነቱ 480 የውኃ ፓምፕ፣ መነሻው ሻንጋይ አካባቢ ያለ ፋብሪካ፣ መድረሻው በራይን ወንዝ ዳር ዱይስቡርግ አጠገብ ያለ መጋዘን ነው። ሳጥኑና ቀኖቹ ለማሳያ የተቀመሩ ናቸው፤ ወደቦቹ፣ ደንቦቹና ልኬቶቹ ግን እውነተኛ ናቸው፤ ብልሽቶቹም እንዲህ ያለ ጭነት በየጊዜው የሚያጋጥመው ነው። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አንባቢ ሁለት ነገር እየቆጠረ ቢሄድ ይጠቅመዋል፦ ሳጥኑ ስንት ቀን ተንቀሳቀሰ፣ ስንት ቀንስ ቆመ?

ቀን 1፦ የፋብሪካው መጫኛ

ባዶው ኮንቴይነር ሲደርስ ሰባት ቦታ ይፈተሻል፤ የፊት ግድግዳ፣ የግራና የቀኝ ጎን፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ በሮቹ ከውስጥም ከውጭም፣ ከወለሉ ሥር ያለው ብረት። ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን መሣሪያ አይፈልግም። አንድ ሰው ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋበታል፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይቆያል። የብርሃን ነጥብ ካየ ቀዳዳ አለ፤ ብርሃን ከገባበት ደግሞ የባሕር ውኃም ይገባል። ጣሪያውን በተለይ ልብ ማለት ያሻል፤ የክሬኑ መያዣ የማዕዘኑን ቀዳዳ ስቶ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ወለሉ ፕላይውድ ስለሆነ ሽታና ዘይት ይጠጣል፤ የሸተተ ወይም የረጠበ ከሆነ ተመልሶ ሌላ ይጠየቃል። መመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አለመመለሱ የሚያስከትለው ጉዳት ግን የሚታየው ከ50 ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም።

በሩ ላይ 4 ፊደልና 7 አኃዝ ያለው መለያ ተጽፏል። የመጨረሻው አኃዝ የመቆጣጠሪያ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የላቲን ፊደላት ከ10 ጀምሮ ዋጋ ይሰጣቸዋል፤ የ11 ብዜቶች ይዘለላሉ (ኤ 10፣ ቢ 12፣ ሲ 13 እያለ ይቀጥላል)። ከዚያ አሥሩ ዋጋዎች በቅደም ተከተል በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያሉ እስከ 512 ይባዛሉ፣ ድምሩ ለ11 ይካፈላል፣ ቀሪው የመጨረሻው አኃዝ ይሆናል፤ ቀሪው 10 ከሆነ 0 ይጻፋል። «ሲ ኤስ ኪው ዩ 305438» ለሚለው መለያ ድምሩ 6,185 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ስለዚህ ሙሉው ቁጥር በ3 ይጨርሳል። አንድ ጸሐፊ ሁለት አኃዝ ቢያቀያይር ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ያጋልጠዋል። ይህን ሳይፈትሽ ቁጥር የሚቀበል የመመዝገቢያ ሶፍትዌር ዛሬም ይገኛል፤ የአንድ ፊደል ስሕተትም በዓለም ላይ የሌለ ሳጥን ፈጥሮ እውነተኛውን ከዓይን ይሰውራል።

ፓሌት አደራደር ላይ ወረቀትና እውነት ይለያያሉ። የውስጡ ስፋት ወደ 2.35 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 12.03 ሜትር ነው። 1.2 በ1 ሜትር የሆነ ፓሌት በአንዱ ረድፍ በቁመቱ፣ በሌላው በአግድሙ ቢደረደር በስሌት 10 እና 12፣ በድምሩ 22 ይገባል። ችግሩ ሁለቱም ረድፎች ልክ 12 ሜትር መሙላታቸው ነው፤ የሚተርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ካርቶኖቹ ከፓሌቱ ጠርዝ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢወጡ የመጨረሻው ፓሌት ከበር ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ዕቅዱ 20 ነው፤ በፓሌት 24 ካርቶን፣ በካርቶን 21 ኪሎ የሚመዝን አንድ ፓምፕ። በመካከል የሚቀረው ክፍተት በአየር በሚሞሉ ከረጢቶች ይወጠራል። ከጠቅላላው ክብደት ከ60 በመቶ በላይ በአንዱ ግማሽ ርዝመት ላይ እንዳያርፍ ይደረጋል፤ ያለዚያ ክሬን ሲያነሣው ይዘምማል፣ በመንገድም መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል።

እንጨቱ የተባይ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ዓለም አቀፉ ደንብ የእንጨቱ ልብ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ይጠይቃል፤ ማረጋገጫው በፓሌቱ ላይ የሚታተመው የስንዴ ዛላ ምልክት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ በሙቀት የታከመ እንጨት የደረቀ እንጨት ማለት አይደለም። 20 ፓሌት ወደ 440 ኪሎ እንጨት ነው፤ እርጥበቱ በመንገድ ከ20 ወደ 15 በመቶ ቢወርድ 18 ሊትር ገደማ ውኃ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይለቀቃል። ውኃው የት እንደሚሄድ ወደ ኋላ ይታያል። ለጊዜው የፓሌቶቹ እርጥበት በመለኪያ ይታያል፣ እርጥበት የሚመጥ የካልሲየም ክሎራይድ ከረጢትም በጎንና ጎን ግድግዳዎቹ ላይ ይሰቀላል።

በመጨረሻ የከፍተኛ ጥበቃ ምልክት ያለው የብረት ማኅተም በቀኙ በር ላይ ይደረጋል። ከመደረጉ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሣል፤ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር የሚመሳከረው ከፎቶው እንጂ ከማስታወሻ ደብተር አይደለም።

ቀን 2 እና 3፦ ወረቀት

ሳጥኑ ተሞልቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተረጋገጠ ክብደቱ ያልተላከ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። መንገዱ ሁለት ነው፤ የተሞላውን ሳጥን መመዘን፣ ወይም ውስጡ ያለውን ሁሉ መዝኖ ከባዶው ክብደት ጋር መደመር። በሁለተኛው መንገድ፦ 24 ካርቶን 504 ኪሎ፣ ከፓሌቱ 22 ኪሎ ጋር 526፤ በ20 ሲባዛ 10,520፤ ከረጢትና ማሰሪያ 80፤ በር ላይ የተጻፈው ባዶ ክብደት 3,900፤ ድምሩ 14,500 ኪሎ። የተለመደው ስሕተት የካርቶንና የፓሌት ክብደት የሌለበትን የኢንቮይስ የተጣራ ክብደት መውሰድ ነው። በመኪና ሚዛን የሚመዝኑ ደግሞ የመኪናውን፣ የተጎታቹንና በታንከሩ ያለውን ነዳጅ ክብደት መቀነስ ይረሳሉ።

ቀጥሎ ለጉምሩክ የሚላክ ቅድመ መግለጫ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሄድ የኮንቴይነር ጭነት መግለጫው መርከብ ላይ ከመጫኑ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ በባሕር ለሚመጣ ጭነት አዲሱ ሥርዓት ከሰኔ 2024 ጀምሮ ተግባራዊ መሆን ጀምሯል። ቢያንስ ባለ 6 አኃዝ የታሪፍ ቁጥር ይፈልጋል፤ ፓምፕ በ8413 ሥር ይገባል። «መለዋወጫ» ወይም «የተለያዩ ዕቃዎች» የሚል መግለጫ ይመለሳል፤ «በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ሴንትሪፉጋል የውኃ ፓምፕ» የሚለው ያልፋል። መግለጫውን ሊያስገቡ የሚችሉት መርከብ ድርጅቱና የጭነት አስተላላፊው እንደየድርሻቸው ናቸው፤ አንዱ ሌላው አስገብቷል ብሎ ሲቀመጥ «አትጫን» የሚል መልስ ይመጣል።

አንድ የውል ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ለኮንቴይነር ጭነት ብዙዎች ዛሬም «ኤፍ ኦ ቢ» ይጽፋሉ። በዚህ ውል ኃላፊነቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የሚተላለፈው ዕቃው መርከብ ላይ ሲሆን ነው፤ ሻጩ ግን ሳጥኑን ለተርሚናል የሚያስረክበው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ነው። በመካከል ባሉት ቀናት በማይቆጣጠረው ግቢ ውስጥ ላለ ዕቃ ኃላፊ ይሆናል። ለዚህ የተሠራው፣ ኃላፊነቱ ሳጥኑ ለአጓጓዡ ሲረከብ የሚተላለፍበት «ኤፍ ሲ ኤ» ነው። የ2020ው ኢንኮተርምስ (የዓለም አቀፍ ንግድ ውል ደንቦች ስብስብ) የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት (የክፍያ ዋስትና) የሚጠይቀውን «መርከብ ላይ ተጭኗል» የሚል ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የባሕር ጭነት ሰነድ) በዚህ ውል ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ስላስገባ የቀድሞው ሰበብ ቀርቷል።

ቀን 4፦ ያንግሻን

ከዋናው ምድር የሻንጋይ ወደብ ወዳለበት ወደ ያንግሻን ደሴት የሚወስደው የዶንግሃይ ድልድይ 32.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ይዘጋል። በታኅሣሥ 2017 ሥራ የጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ተርሚናል ውስጥ ሳጥን ከመርከብ ዳር ወደ ማከማቻ የሚያመላልሱት አሽከርካሪ የሌላቸው ተሽከርካሪዎች ናቸው። በሩ ላይ ካሜራዎች የሳጥኑን ቁጥር፣ የመኪናውን ሰሌዳና የሳጥኑን ገጽታ አንብበው ይመዘግባሉ። ዝገት ወይም ጭረት ፊደሉን ከጋረደው ካሜራው ይሳሳታል፤ የቀን 1 የመቆጣጠሪያ ቁጥር እዚህ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ያገለግላል።

ቀን 5 እና 6፦ ክምር

ምንም አይንቀሳቀስም፤ ነገር ግን የተርሚናል ሥራ ልኩ የሚታየው በእነዚህ ቀናት ነው። ሳጥኖች አምስት ያህል ተደራርበው ይቀመጣሉ። የታችኛው ሲፈለግ በላዩ ያሉት አራቱ ይነሣሉ፤ ያ ሁሉ የማይከፈልበት የክሬን እንቅስቃሴ ነው። ማስቀረት የሚቻለው ሳጥን ሲገባ ሦስት ነገር ከታወቀ ነው፤ የሚጫንበት መርከብ፣ የሚወርድበት ወደብ፣ የክብደት ደረጃው። ሦስቱ ተመሳሳይ የሆኑት በአንድ ክምር ከተቀመጡ የቱም ቀድሞ ቢነሣ ለውጥ የለውም። ሰው አልባ ክሬንም ሆነ ብልህ ሶፍትዌር የተሳሳተ የወደብ ስም ከተሰጠው ያንኑ ስሕተት በፍጥነት ከመደርደር በቀር የሚያደርገው የለም። አውቶሜሽን ተተክሎ ውጤቱ ያልታየባቸው ቦታዎች ሲመረመሩ መጀመሪያ ክሬኑን ሳይሆን የመረጃውን መድረሻ ሰዓት ማየት ይገባል።

ቀን 7፦ ጭነት

የመርከቡ አቀማመጥ ዕቅድ ለሳጥኑ 34-08-86 የሚል ቦታ ሰጥቶታል። ንባቡ እንዲህ ነው፤ 34 በርዝመት ያለው ክፍል ነው፣ ተጋማሽ ቁጥር መሆኑ ባለ 40 ጫማ መሆኑን ይናገራል፤ 08 ተጋማሽ ቁጥር ስለሆነ ከመሐል መስመር በግራ ያለ አራተኛ ረድፍ ነው፤ 86 ከመድረክ በላይ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ቆጠራው ከ82 ጀምሮ በሁለት ስለሚጨምር። ይህ ዕቅድ ከወደብ ወደ ወደብ በአንድ ወጥ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ይተላለፋል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ሁሉም የተስማማበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስሕተቱ መርከብ ስለሚያዘነብል ነው የተስማሙት።

አንድ የመርከብ ዳር ክሬን በሰዓት ከ25 እስከ 30 ሳጥን ያነሣል። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። ክብደቱ 14 ቶን ተብሎ በእውነት 26 ቶን የሆነ ሳጥን ሦስተኛ ደረጃ ላይ ከወጣ ከሥሩ ያሉትን መቆለፊያዎችና የማሰሪያ ብረቶች ከታሰበላቸው በላይ ይጫናቸዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ማዕበል ሲመጣ ነው።

ቀን 8 እስከ 13፦ ደቡብ ቻይና ባሕር

መርከቡ በ16 ኖት (በሰዓት 16 የባሕር ማይል) ይሄዳል። እስከ ሲንጋፖር ወደ 2,200 የባሕር ማይል ነው። የሞተሩ ፍጆታ በሰዓት ሲለካ ከፍጥነቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ስለሚሄድ ከ20 ኖት ወደ 16 መውረድ የሰዓቱን ነዳጅ ወደ ግማሽ፣ የመንገዱን ሙሉ ነዳጅ ወደ 64 በመቶ ያወርዳል። ከ2023 ጀምሮ የመርከቦች የካርቦን ደረጃ መለካቱ፣ ከ2024 ጀምሮም ወደ አውሮፓ የሚመጡት ለልቀታቸው መክፈላቸው ይህን ዝግታ አጽንቶታል።

በኮንቴይነሩ ላይ የተለጠፈ የመከታተያ መሣሪያ አለ፤ ቦታ፣ ሙቀት፣ እርጥበት፣ የበር መከፈትና ግጭት ይመዘግባል። ከባሕር ዳርቻ ሲርቅ የስልክ ኔትወርክ ስለማይኖር ያጠራቅምና ወደብ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይልካል። በላዩ ሌሎች ሳጥኖች ከተደረደሩበት ሳተላይትም አያይም። በየሰዓቱ እንዲልክ ከተዘጋጀ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ በቀን ሁለት ጊዜና ሁኔታ ሲለወጥ ብቻ እንዲልክ ማድረግ ይሻላል። መርከቡ ራሱ በሚያሰራጨው መለያ ምልክት ይታያል፤ ነገር ግን መርከቡን ማየትና ሳጥኑ በዚያ መርከብ ላይ መሆኑን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሲንጋፖር ይህ ይገለጣል።

ወረቀቱ በዚህ መካከል በአውሮፕላን ይጓዛል። ኦሪጅናል ቢል ኦፍ ሎዲንግ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቅጂ ነው፤ ከሻጭ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ገዢ ያልፋል። አጭር ጉዞ ላይ መርከቡ ወረቀቱን ይቀድማል፤ ዕቃው ወደብ ላይ ሆኖ የሚወስደው ይጠፋል። ኤሌክትሮኒክ ሰነድን ያዘገየው ቴክኖሎጂ አይደለም። ሰነዱን «መያዝ» የባለቤትነት ማስረጃ ነውና ሕግ ዲጂታል ፋይልን እንደተያዘ ነገር ሊቆጥረው ይገባ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን ለዚህ ሞዴል ሕግ ያወጣው በ2017 ነው፤ እንግሊዝ ሕጓን ያጸደቀችው በ2023 ነው። በዚያው 2023 በዲጂታል ኮንቴይነር ማጓጓዣ ማኅበር ሥር ያሉ ትልልቅ መርከብ ድርጅቶች እስከ 2030 ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሰነድ እንደሚሻገሩ አስታወቁ። ብሎክቼይንን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ የጋራ ዲጂታል መዝገብ) መድኃኒት አድርገው ለሚያቀርቡት ደግሞ የትሬድሌንስን መጨረሻ ማስታወስ ይበቃል። አይ ቢ ኤምና የመርከብ ድርጅቱ ማርስክ በ2018 ይፋ ያደረጉት መድረክ በኅዳር 2022 እንደሚዘጋ ተነገረ፤ ሥርዓቱ ይሠራ ነበር፣ ያልተገኘው የመላው ኢንዱስትሪ ትብብር ነው። ተወዳዳሪ መረጃውን በተወዳዳሪ ቤት ለማስቀመጥ መጠራጠሩ ሊያስገርም አይገባም።

ቀን 14 እስከ 20፦ ሲንጋፖር

ሲንጋፖር ከሚያልፍባት ጭነት አብዛኛው ከመርከብ ወደ መርከብ የሚዛወር ነው። ሳጥኑ በቀን 14 ወረደ፤ የሚቀጥለው መርከብ በዚያው ቀን ሊነሣ ታቅዶ ነበር። የመጀመሪያው መርከብ ስምንት ሰዓት ስለዘገየ ዝውውሩ አመለጠ፤ ሳጥኑ ወደሚቀጥለው ሳምንታዊ መርከብ ተላለፈ። የስምንት ሰዓት መዘግየት ወደ ቀናት የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ መርከቦች በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚነሡ መዘግየት በሰዓት አይጨምርም፣ እንደ ደረጃ ይዘላል። በ2022 መጀመሪያ፣ መጨናነቁ በከፋበት ጊዜ፣ በዓለም ላይ በሰዓታቸው የደረሱ መርከቦች ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

የገዢው መከታተያ ገጽ ግን ለሁለት ቀን «በመንገድ ላይ» ይል ነበር፤ መርከቡን በስሙ ስለሚከተልና ዕቅዱ ስላልታረመ ሌላ ሳጥን የያዘ መርከብ እያሳየ ነው። ይህን የሚያስተካክለው ከተርሚናሉ የሚመጣው «ተጭኗል» የሚል የሳጥን ክስተት ነው፤ የመርከብ ቦታ ሊተካው አይችልም። ክስተት ሲነበብ ደግሞ ሦስቱን ዓይነት አለመቀላቀል ያስፈልጋል፤ የታቀደ፣ የተገመተ፣ የተፈጸመ። ብዙ የመድረሻ ግምት ሞዴሎች የሚሳሳቱት በስልተ ቀመራቸው ድክመት አይደለም፤ የታቀደውን እንደተፈጸመ አድርገው ስለተማሩ ነው። የሰዓት ዞን ያልተጻፈበት ሰዓትም በራሱ እስከ 8 ሰዓት ያዛባል።

በቀን 18 የመዘግየት ዜና ለዕቅድ ክፍሉ ደረሰ፤ ክፍሉም «ለማንኛውም» ብሎ ሁለተኛ ኮንቴይነር አዘዘ። ጄይ ፎሬስተር በ1961 በሞዴል ያሳየው፣ ሊ፣ ፓድማናባንና ዋንግም በ1997 አራት ምክንያት የለዩለት የጅራፍ ውጤት ይሄ ነው፤ ምክንያቶቹም፦ ትንበያን ደጋግሞ ማረም፣ ትእዛዝን ማጠራቀም፣ የዋጋ መዋዠቅ፣ እጥረት ሲፈራ ከሚያስፈልገው በላይ ማዘዝ። የኋለኛው ትእዛዝ ለፋብሪካው እውነተኛ ፍላጎት መስሎ ይታየዋል፣ እሱም ለክፍሎቹ አቅራቢ አብልጦ ያዛል። ጫፉ ላይ ያለው እጅ ትንሽ ሲወዛወዝ የጅራፉ መጨረሻ ይጮኻል።

ቀን 21፦ የመንገድ ምርጫ

ከሲንጋፖር ወደ ሮተርዳም በሱዌዝ ወደ 8,300 የባሕር ማይል፣ በመልካም ተስፋ ርእስ በኩል ወደ 11,800 ነው። በ17 ኖት የመጀመሪያው 20 ቀን፣ ሁለተኛው 29 ቀን ይፈጃል። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለችው 400 ሜትር መርከብ ሱዌዝን ለስድስት ቀን ዘግታ ነበር፤ ያ አንድ አደጋ ነበር፣ አለቀ። ከኅዳር 2023 በኋላ በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የተሰነዘሩት ጥቃቶች ግን ትልልቆቹን የኮንቴይነር መስመሮች ለረጅም ጊዜ ወደ ደቡብ አዞሩ። ይህ ሳጥንም በደቡብ ይሄዳል። ረጅሙን መንገድ ወስዶ ሳምንታዊ መነሻን ለመጠበቅ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ያህል ተጨማሪ መርከብ ያስፈልጋል፤ እነዚያ መርከቦች ከሌላ መስመር ስለሚነሡ እጥረቱ ቀይ ባሕርን በማያውቁ ወደቦችም ይሰማል።

ቀን 22 እስከ 49፦ ውቅያኖስ

አብዛኛው ቀን ስለ ሳጥኑ የሚጻፍ ነገር የለውም። ሁለት ነገሮች ብቻ ይመዘገባሉ።

አንደኛው ማዕበል ነው። ግዙፍ የኮንቴይነር መርከቦች ሰፊ መድረክና ሹል አፍንጫ ስላላቸው ማዕበል ከፊት ወይም ከኋላ ሲመታቸው በድንገት ወደ ጎን መወዛወዝ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ማዕበሉ መርከቡን የሚያገኝበት ጊዜ ከመርከቡ የተፈጥሮ ውዝዋዜ ግማሽ ያህል ሲሆን ነው። መድኃኒቱ ፍጥነትን ወይም አቅጣጫን ፈጥኖ መለወጥ ነው። በኅዳር 2020 መጨረሻ ዋን አፐስ የተባለችው መርከብ በሰሜን ፓስፊክ ከ1,800 በላይ ሳጥን አጥታለች። ከጥር 2026 ጀምሮ በባሕር የጠፉ ኮንቴይነሮችን ማሳወቅ በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ ሆኗል።

ሁለተኛው የውስጥ ዝናብ ነው። ከሞቃታማው ቀበቶ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን ሲገቡ የብረቱ ጣሪያ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ከፓሌቶቹ የወጣው እርጥበት ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ በካርቶኖቹ ላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው ካርቶን ሲለሰልስ ክምሩ ይጎብጣል። የመከታተያ መሣሪያው በቀን 44 አካባቢ የእርጥበቱን መውጣት መዝግቦታል፤ መልእክቱ ግን የሚደርሰው ሮተርዳም ላይ ነው፣ ስለዚህ ለማስጠንቀቂያ አይሆንም፤ ለካሳ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል። መከላከያው በቀን 1 የተሰቀለው ከረጢት ነበር።

ቀን 50 እስከ 54፦ ሮተርዳም

የሮተርዳም ወደብ አሽከርካሪ የሌላቸው ተሽከርካሪዎችን ከ1993 ጀምሮ ያሠራል። በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው የሳይበር ጥቃት ማርስክን ሲመታ በወደቡ ማስቭላክተ ክፍል ያለው አውቶማቲክ ተርሚናሉም ቆሟል። ድርጅቱ በአሥር ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መጫኑን ተናግሯል። የኔትወርኩ የመግቢያ ሥርዓት ቅጂዎች ሁሉ ሲጠፉ የተረፈው አንዱ፣ ጋና ቢሮ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ የነበረው እንደሆነ ተዘግቧል። ቅጂን ከኔትወርኩ ነጥሎ ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም፤ መብራት መጥፋትን ግን ዕቅድ ማድረግ አይቻልም።

ሳጥኑ በቀን 50 ወረደ። ነፃ የማቆያ ቀናት መቆጠር ጀመሩ። ተርሚናል ውስጥ ሲቆይ የሚከፈለው ዲመሬጅ፣ ከግቢ ወጥቶ ባዶው እስኪመለስ የሚቆጠረው ዲቴንሽን ነው፤ ሁለቱ የተለያየ መነሻ አላቸው፣ ውሉ ውስጥ ተደምረው የተጻፉ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። በቀን 51 ጉምሩክ ሳጥኑን ለስካነር መረጠው። የምስሉ ጥያቄ የፓምፑ የብረት አካል ጥግግት ነበር፤ የፓኪንግ ሊስቱ የፓሌት በፓሌት ክብደት ስለነበረው ሳይከፈት አለፈ። ጠቅላላ ድምር ብቻ የያዘ ሰነድ ቢሆን ኖሮ መከፈቱ የማይቀር ነበር።

ቀጣዩ መዘግየት የወንዝ ጀልባው ነው። አንድ ጀልባ ሮተርዳም ውስጥ በበርካታ ተርሚናሎች ይዞራል፤ በእያንዳንዱ የሚያነሣው ጥቂት ሳጥን ስለሆነ ተርሚናሉ ትልቁን የባሕር መርከብ ያስቀድማል። የአንዱ መዘግየት የቀሩትን ቀጠሮዎች ሁሉ ይገፋል። ሳጥኑን ለማውጣት ያገለግል የነበረው የምስጢር ቁጥር በወንጀለኞች እየተሰረቀ ችግር ስለፈጠረ አሁን መብቱ በስም ከተመዘገበ ድርጅት ወደ ተመዘገበ ድርጅት ብቻ ይተላለፋል።

ቀን 55 እና 56፦ ራይን፣ ከዚያም መጋዘኑ

ጀልባው በአንድ ቀን ዱይስቡርግ ደረሰ። ወደ ደቡብ የሚቀጥሉት በበጋ ድርቅ በራይን ዳር ካውብ ከተማ ላይ ባለው የውኃ ከፍታ መለኪያ ተወስነው ግማሽ ጭነት ብቻ የሚይዙበት ጊዜ አለ፤ በ2018 እና በ2022 ይህ ሆኗል።

መጋዘኑ በር ላይ መጀመሪያ የማኅተሙ ቁጥር ከቀን 1 ፎቶ ጋር ይመሳከራል። ከዚያ በሩ ከመከፈቱ በፊት በላስቲኩ መካከል ቀጭን ቱቦ ገብቶ የውስጡ አየር ለጢስ ማጥፊያ ጋዝና ለኬሚካል ትነት ይለካል። ይህን ዘልሎ መክፈት ሠራተኛን ያስመርዛል። የፓሌቶቹ መለያ ባለ 18 አኃዝ ነው፤ ባርኮዱ ከፓሌቱ ግርጌ ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሁለት ጎረቤት ጎኖች ላይ ከተለጠፈ ከፎርክሊፍቱ ሳይወርዱ ይነበባል። በካርቶኖቹ ላይ የተለጠፉት የራዲዮ መለያዎች ግን ከ480 ካርቶን 31ዱ ላይ አልተነበቡም። ፓምፑ ብረት ነው፤ መለያው በቀጥታ ከብረቱ አጠገብ ያለው ካርቶን ፊት ላይ ሲያርፍ ሞገዱ ይታወካል። በካርቶኑ ማዕዘን፣ ከብረቱ ቢያንስ ጥቂት ሴንቲ ሜትር በራቀው ጎን መለጠፍ ይፈታዋል። ያልተነበበውን «የለም» ብሎ መመዝገብ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ፓሌቱ በባርኮድ ከተነበበና ማኅተሙ ከተመሳከረ ካርቶኖቹ እንዳሉ ይቆጠራሉ፣ ልዩነቱ በናሙና ይፈተሻል። በላይኛው ረድፍ 6 ካርቶን ረጥቧል፤ ፎቶ ተነሥቶ በዕለቱ በማስረከቢያው ላይ ይጻፋል። ያልተጻፈ ጉዳት ከጥቂት ቀናት በኋላ ለማስረዳት ይከብዳል።

ቀን 57፦ የዕቅድ ክፍሉ ጠረጴዛ

ሳጥኑ በ56 ቀናት ውስጥ የተንቀሳቀሰው 37 ቀን ነው፤ 19 ቀን ቆሟል። መንገዱ በሱዌዝ ቢሆን ኖሮ ጉዞው 28፣ መቆሙ ግን ያው 19 ይሆን ነበር። እንግዲህ የቀጣዩ ትእዛዝ መጠባበቂያ ክምችት ስንት ይሁን? ዕለታዊው ፍላጎት 20 ፓምፕ፣ መዛነፉ 4 ይሁን። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ የመድረሻ ቀናት በፍላጎት መዛነፍ ካሬ ይባዛል፣ የፍላጎት ካሬ በመድረሻ ቀን መዛነፍ ካሬ ይባዛል፣ ሁለቱ ተደምረው ካሬ ሥራቸው ይወሰዳል፣ ለ95 በመቶ አገልግሎት በ1.65 ይባዛል። መድረሻው 47 ቀን፣ መዛነፉ 3 ቀን ሲሆን 109 ፓምፕ ይወጣል። መንገዱ ወደ 56 ቀን ረዝሞ መዛነፉ 3 ቢሆን 111። 56 ቀን ሆኖ መዛነፉ 9 ቀን ቢሆን 301።

መርዘሙ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ 9 ተጨማሪ ቀን በ20 ሲባዛ 180 ፓምፕ ሁልጊዜ ባሕር ላይ ይታሰራል። ነገር ግን ያ አስቀድሞ ይታወቃል፣ አንድ ጊዜ ቀድሞ በማዘዝ ይሸፈናል። 190ውን ተጨማሪ ፓምፕ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው ሲንጋፖር ላይ ያመለጠው ዝውውርና ሮተርዳም ላይ የተገፋው ጀልባ ነው። ለሚቀጥለው ጭነት የተወሰኑት ሦስት ናቸው፤ በሲንጋፖር በሁለቱ መርከቦች መካከል ቢያንስ አራት ቀን ያለው መስመር ይመረጣል፤ የፍላጎት ትንበያው ፋይል ውስጥ የአማካይ ቀን ብቻ የነበረበት ዓምድ በእያንዳንዱ ርክክብ የተፈጸሙ ሰዓቶች ይተካል፤ በቀን 18 የታዘዘው ሁለተኛ ኮንቴይነር፣ ገና ፋብሪካው ካልሞላው ዛሬ ይሰረዛል።